ካቴተሩ ሲያፈስ ቁጥር መጨመር መፍትሔ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አስታማሚ የሽንት ካቴተር (ሽንት ለማውጣት ወደ ሽንት ፊኛ የሚገባ ቱቦ) ግዛ ተብሎ ሲላክ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ «ካቴተር» የሚል ብቻ ይጻፍለታል። ፋርማሲውም እጁ ላይ ያለውን ይሰጣል። ወፈር ያለው ይሻላል የሚል ሰውም አይጠፋም።

ካቴተሩ ላይ የታተመው ቁጥር በፍሬንች የተለካ የውጭ ውፍረቱ ነው፤ 3 ፍሬንች 1 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 18 ቁጥር 6 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ሽንቱ ደም ከሌለበት ለአዋቂ ሴት 12 ወይም 14፣ ለወንድ 14 ወይም 16 ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለው ቀለምም ይናገራል፦ 12 ነጭ፣ 14 አረንጓዴ፣ 16 ብርቱካናማ፣ 18 ቀይ። ከ20 በላይ ያለው የረጋ ደም ለማጠብ ነው። ፕሮስቴቱ (ከሽንት ፊኛ ሥር ያለው የወንድ ዕጢ) ያበጠ ሰው ላይ ግን ቀጭኑ እየታጠፈ ስለሚያስቸግር 16 ወይም 18 ይመረጣል።

በጣም የሚያሳዝነው በካቴተሩ ዙሪያ ሽንት ሲያፈስ «ጠቦት ነው» ተብሎ ከ16 ወደ 20 መዘለሉ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው የሽንት ፊኛው እየተኮማተረ ሽንቱን በጎን ስለሚገፋው ነው፤ ወፍራም ቱቦ ደግሞ መኮማተሩን ያባብሰዋል፣ የሽንት ቧንቧውንም እየተጫነ ያቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን ሊያጠበው ይችላል። መጀመሪያ ቱቦው ይታይ፦ ታጥፏል? ታማሚው ተኝቶበታል? ዝቃጭ ደፍኖታል? ሽንቱ የሚጠራቀምበት ከረጢት ከፊኛ በላይ ተሰቅሏል? የሆድ ድርቀትም ፊኛን ይጫናል።

ፊኛ ስንል የሽንት ፊኛውንም ካቴተሩ እንዳይወጣ ጫፉ ላይ የሚነፋውንም ስለምንል ሁለተኛውን ባሉን እንበለው። ባሉኑ በአብዛኛው 10 ሚሊ ሊትር ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ውኃ ይበቃዋል። በሳላይን (በጨው ውኃ) ከተሞላ ጨው ጠጥሮ ባሉኑ የሚሞላባትን ቀጭን መስመር ሊደፍናት ይችላል፤ ያኔ ካቴተሩን ማውጣት ራሱ ሥራ ይሆናል። 30 ሚሊ ሊትሩ በዋናነት ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያስፈልግ ነው።

ርዝመትም ይለያያል። አጭሩ የሴት ካቴተር ወንድ ላይ ከገባ ባሉኑ ቧንቧው ውስጥ ተነፍቶ ከባድ መድማት ያስከትላል። የረጅሙም ባሉን ቢሆን ወንድ ላይ ሽንት ጠብ እንዳለ አይነፋም፤ ካቴተሩ በውጭ በኩል ለሁለት እስከሚከፈልበት ሹካ ድረስ ገብቶ ሽንቱ መውረዱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ሲነፋ ታማሚው ካመመው ወዲያው ማቆም ነው።

ወረቀቱ ላይ «ፎሊ (ባሉን ያለው ካቴተር)፣ 16 ቁጥር፣ የወንድ ርዝመት፣ ባሉን 10 ሚሊ ሊትር» ብሎ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። 16 ከጠፋ ፋርማሲው በ20 አይተካው፤ ለጻፈው ባለሙያ ይደውልለት።

የሽንት ሕክምና ክፍል ነርሶች