ሌሊት የሚግል ጡብ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ በኪራይ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሌሊት ሙቀት አጠራቅሞ ቀን የሚለቅ ዓይነት ነው። ሆዱ ውስጥ ከባድ ጡቦች አሉ። የመብራት ዋጋ በሚረክስባቸው 7 የሌሊት ሰዓታት ይግላሉ፤ ቀን ሙቀቱን ቀስ እያሉ ይለቁታል።

ይህን ያወቅሁት ግን ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። አከራዬ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ፤ ስለ ማሞቂያው ትንፍሽ አላለም። አናቱ ላይ ሁለት ማዞሪያዎች አሉ። አንዱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚጠራቀም፣ ሌላው ምን ያህል እንደሚለቀቅ ይወስናል። እኔ ሁለቱንም እስከ ጥግ አዞርኩና ተኛሁ። ጠዋት ቤቱ እንደ ምድጃ ግሎ መስኮት ከፈትኩ። ማታ ከሥራ ስመለስ ጡቡ ቀዝቅዟል። ካፖርቴን ሳላወልቅ ራቴን በላሁ። ብርዱ ሲብስብኝ በውዱ የቀን ዋጋ ሌላ ማሞቂያ ሰካሁ። ሂሳቡ ሲመጣ ክው አልኩ!

አሁን የመልቀቂያውን ዘግቼ እውላለሁ፤ የምከፍተው ማታ ስገባ ነው። የማጠራቀሚያውን ደግሞ የነገውን አየር ትንበያ አይቼ አስተካክላለሁ። ትንበያው የዋሸኝ ቀን በብርድ ልብስ እወጣዋለሁ።

ቤት የምትከራዩ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቆጣሪውን እዩ። የሌሊቱንና የቀኑን ለይቶ የማይቆጥር ከሆነ ሌሊት ማጠራቀሙ አይረክስላችሁም። አከራዮችስ አንዲት ገጽ መመሪያ ቢለጥፉ ምን ይጎድልባቸዋል?

ብርድ ያስተማረው ተከራይ