ሰሊዬ፣ ስለ ማርታ ጥያቄ

ሰሊዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ማርታስ፣ እማማስ ደኅና ናቸው? መልእክትሽ ከደረሰኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም። «ታሪክ አእምሮን ያሰፋል» ከማለት የተሻለ መልስ አልነበረኝም፤ እሱን ለአንቺ መላክ ደግሞ አሳፈረኝ። ማርታ ሶሻል ልግባ ናቹራል እያለች ስትጨነቅ መሰንበቷን ስሰማ ግን ዝም ማለት ከበደኝ።

«የዛሬውን ዓለም በስልኬ አየዋለሁ፤ የ1936 ነገር ምን ያደርግልኛል?» ነበር ያለችሽ አይደል? አጠያየቋ ቁርጥ አንቺን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ ከዚያ የተሻለ ልትመርጥ አትችልም ነበር።

ከጥቁር ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን የሚወጣ መርከብ ሁሉ ቦስፎረስና ዳርዳኔልስ በሚባሉ ጠባብ የባሕር ወሽመጦች ያልፋል። ሁለቱም ያሉት ቱርክ ውስጥ ነው። ማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ይለፍ የሚለውን የሚወስነው ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞንትሮ በምትባል ከተማ ጁላይ 20 ቀን 1936 የተፈረመ ውል ነው። ዛሬም ይሠራል። የንግድ መርከብ በሰላም ጊዜ በነፃነት ያልፋል። የጥቁር ባሕር ዳርቻ የሌላቸው አገሮች የጦር መርከቦች ግን አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚያልፉት በድምሩ ከ15,000 ቶን መብለጥ አይችሉም፤ ገብተውም ከ21 ቀን በላይ አይቆዩም። ወደ 100,000 ቶን የሚጠጋ የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ ለምን እዚያ እንደማይገባ ማርታ ከዚህ ቁጥር ብቻ ትረዳዋለች።

ዋናው አንቀጽ 19 ነው። ቱርክ ባልገባችበት ጦርነት የተዋጊዎቹ የጦር መርከቦች አያልፉም፤ ወደ መደበኛ ጣቢያቸው የሚመለሱት ብቻ ይፈቀድላቸዋል። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ ስትገባ «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» ነው አለች። ቱርክ ጥቂት ቀን ቆይታ «ጦርነት» ብላ ጠራችው። ያቺ አንዲት ቃል አንቀጹን ቀሰቀሰችው፣ በሩም ተዘጋ። ኤፕሪል 14 «ሞስክቫ» የተባለችው የሩሲያ መርከብ ስትሰምጥ ሁለት እህቶቿ፣ «ቫርያግ» እና «ማርሻል ኡስቲኖቭ»፣ እዚያው ሜዲትራኒያን ላይ ነበሩ። ጣቢያቸው ግን አንዷ በፓሲፊክ፣ ሌላዋ በሰሜን ነው። ገብተው ሊተኳት አልቻሉም። በስልክ የምናየው ቪዲዮ መርከቧ ስትነድ ያሳያል፤ ምትክ ለምን እንዳልመጣ ግን አይነግርም።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው። ቱርክ በ1936 አዲስ ውል የጠየቀችው ለምን ነበር? በ1923ቱ የሎዛን ስምምነት የባሕር ወሽመጦቹ ዳርቻ ከጦር ሠራዊት ነፃ እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ደኅንነቱን ደግሞ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣሊያና ጃፓን ከመንግሥታት ማኅበር ጋር ሊጠብቁ ቃል ገቡ። ከዋሶቹ አንዷ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወረረች። ጃፓን ማኅበሩን ጥላ ወጥታለች። ማኅበሩ እኛን ማዳን ካልቻለ አንካራን ማን ያድናት? ኢጣሊያ ደግሞ ከቱርክ አፍንጫ ሥር ያሉትን የዶዴካኔዝ ደሴቶች ይዛ ነበር። ነገሩ በእኛ ብቻ አልመጣም፤ በዚያው ዓመት ማርች ጀርመን ከጦር ሠራዊት ነፃ መሆን ወደነበረበት ግዛቷ፣ ራይንላንድ፣ ጦሯን አስገብታለች። ኢትዮጵያ ግን ከምክንያቶቹ አንዷ ነበረች። ኢጣሊያም በወረራው የተጣለባትን ማዕቀብ ምክንያት አድርጋ ከሞንትሮው ጉባኤ ቀረች፤ ውሉን የተቀበለችው በ1938 ነው።

ሰሊዬ፣ ቀኖቹን እዪያቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው የተናገሩት ሰኔ 23 ቀን 1928 ነው። የሞንትሮው ውል የተፈረመው ሐምሌ 13 ቀን 1928፣ ልክ በሃያኛው ቀን። ጄኔቭና ሞንትሮ አንድ ሐይቅ ዳር ያሉ ከተሞች ናቸው! ተማሪዎቻችን ግን የራሳቸውን ታሪክ በ1928፣ የዓለምን በ1936 ስለሚሸመድዱ ሁለቱ ክረምቶች አንድ መሆናቸው አይታያቸውም። የስምንት ዓመት ገደል መሐላቸው ይገባል። ለማርታ በመጀመሪያ የምመክራት ይህንን ነው፦ ደብተሯን ለሁለት ትክፈለው፣ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ትጻፍ።

ቀጥሎ ከዜናው ተነሥታ ወደ ኋላ ትሂድ። አንድ ዜና ትያዝ፣ ከሥሩ ያለውን ውል ትፈልግ፣ አንቀጹን ራሱን ታንብብ፤ ስለ አንቀጹ የተወራውን አይደለም። ማን ፈረመ፣ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ ብላ ትጠይቅ። ካርታ ከጎኗ አይጥፋ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታሪኩን የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ስለ ክሪሚያ ከ1954 የሚጀምር፣ ሶቪየቶች ከሩሲያ ወስደው ለዩክሬን እንደሰጧት ይነግርሻል። ከ1994 የሚጀምር፣ ሩሲያ ራሷ ቡዳፔስት ላይ የዩክሬንን ድንበር ላከብር ብላ መፈረሟን ይነግርሻል። ሁለቱም እውነት ነው፤ እኩል ግን አይመዝኑም፤ ለእኔ ፊርማው ይበልጣል። ማርታ የማንንም ትንታኔ ስትሰማ «ለምን ከዚህ ዓመት ጀመርክ?» ብላ መጠየቅ ከለመደች ግማሹን መንገድ ሄዳለች።

ሌላው ምስስሎሽ ነው። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤደን በ1956 የግብፁን መሪ ናስርን እንደ ሙሶሊኒ አየውና ጦር ወደ ስዊዝ ላከ፤ በአሜሪካ ግፊት አፍሮ ወጣ። «ይህ ልክ እንደዚያ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማት ሦስት የሚመሳሰሉበትን፣ ሦስት የሚለያዩበትን ትጻፍ። የሚለያዩበትን ማግኘት ካቃታት ገና አላጠናችውም ማለት ነው።

ስንዴውን ረስቼው! በ2022 ክረምት ኢስታንቡል ላይ በተደረሰው የእህል ስምምነት መሠረት «ብሬቭ ኮማንደር» የምትባል መርከብ 23,000 ቶን ስንዴ ጭና ከዩክሬን ተነሣች። ቦስፎረስን፣ ስዊዝን አልፋ ጅቡቲ ደረሰች፤ ስንዴው ለኢትዮጵያ ነበር። አደራዳሪዎቹ የተባበሩት መንግሥታትና ቱርክ ነበሩ። ቱርክ ሁለቱንም ወገን ማነጋገር የቻለችው የበሩን ቁልፍ በእጇ ስለያዘች ይመስለኛል፤ ቁልፉን ያገኘችው ደግሞ በዚያው እኛ በተወረርንበት ዘመን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ... ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደውዬ ማርታን ባነጋግራት ቅር ይልሻል? አንቺንም ድምፅሽን ልሰማው ነው። ካርታ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ቦስፎረስን በቀይ አክብቤዋለሁ፣ ከኦዴሳ እስከ ጅቡቲ ያለውን መንገድ በእርሳስ ጀምሬ ለእሷ ትቼዋለሁ። ናቹራል ብትገባም ካርታው የእሷ ነው።

ያንቺው