ለኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል፦ የናዳ አደጋውን ሦስተኛ ደረጃ በአማርኛ ንገሩን

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኦሮራ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

ባለፈው ዓመት፣ በጥምቀት ማግስት፣ ልጆቼን ይዤ ላቭላንድ ፓስ ወደሚባለው የተራራ መተላለፊያ ወጣሁ። መኪናዬን ዳር አስይዤ፣ የፕላስቲክ መንሸራተቻቸውን አውርጄ፣ በተራራው ግርጌ ጥቂት እርምጃ እንደገባን በረዶው እግሬ ሥር “ድም” ብሎ ሰመጠ። ባዶ በርሜል የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስኪውን ተሸክሞ የሚያልፍ አንድ ሰውዬ ግን እየሮጠ መጣና “ልጆቹን ይዘህ ውጣ! አሁኑኑ!” አለኝ።

የድምፁ ነገር የገባኝ ቤት ገብቼ ሳነብ ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ይህን ለሚያነቡ ወገኖቼ ስል ልጻፈው። በጥቅምትና በኅዳር የጣለው ስስ በረዶ በብርዱ ብዛት እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ሲዘግኑት በጣት መሀል ይፈሳል፣ አይያያዝም። በላዩ ወፍራም በረዶ ሲከመርበት፣ አንድ ሰው ብቻ ቢረግጠው ሊሰበር ይችላል፤ “ድም” ያለውም ያ ስብራት ነው። ግርጌ የቆመ ሰው እንኳ ከበላዩ ባለው ተዳፋት ላይ ያለውን በረዶ ሊያስንደው ይችላል። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። እኛ እኮ ሜዳው ላይ ነበርን።

የዚያን ጠዋት የናዳ አደጋ ትንበያችሁን አይቼዋለሁ። ከ5 ደረጃ 3ኛው ነበር፣ “ኮንሲደረብል”። በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው “ቀላል የማይባል” ሆነ። መሀል ላይ ነው፣ ችግር የለውም ብዬ ሄድኩ። 4 ወይም 5 ቢሆንማ ማንም ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚሞተው ደረጃው 3 በሆነ ቀን እንደሆነ አላወቅሁም።

ናዳ የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። በሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን የአፈር ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። በረዶ ሲባል ግን ለልጆቻችን ጨዋታ ነው የሚታየን።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት መስመር ናት። ከገና እስከ ፋሲካ፣ በየቀኑ፣ በአማርኛ። ቁጥሩን ጻፉ፤ 3 በሆነ ቀን “አስጊ ነው፤ ሰው ከረገጠው የመናድ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ተዳፋት ሥርም አትቁሙ” በሉን። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች በቴሌግራም ይቀባበሉታል። ትርጉሙን እኔ በነፃ እሠራለሁ፤ ማታም ቢሆን፣ በበዓል ቀንም ቢሆን። ስልኬን በኢሜይል ልኬላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኦሮራ ነዋሪ