«በአፍሪካ የለም» ያላችሁት በሽታ እኛ ቤት አለ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰውነት የራሱን ጡንቻ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ስለሚያጠቃባቸው በሽታዎች ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ። የምልክቶቹ ገለጻ ደህና ነው። መሃል ላይ የሰነቀራችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አናደደኝ፦ «በሽታው በአብዛኛው የነጮች ሲሆን በአፍሪካ የለም ማለት ይቻላል።» ማን ቆጠረው? የትኛው ጋዜጠኛችሁ ደሴ፣ ኩታበር ወይም ወልድያ መጥቶ አንድ ሐኪም ጠየቀ?

እኔ በቤቴ ስላለው ልናገር። ታናሽ እህቴ ሐይቅ ላይ ትኖራለች። ሕመሙ ሲጀምራት ፀጉሯን ለመሥራት ክንዷ አልነሣ አላት። ቡና ላይ ከበርጩማ ስትነሣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ተክላ፣ ወገቧን ወዲያና ወዲህ እያለች ነበር። ሕመም የለውም፣ ድካም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ስንፍና አለው። የዐይኗ ቆብ ሲጠቁር «ማድያት ነው» ተባለ፣ የጣቶቿ አንጓ ላይ ሻካራ እብጠት ሲወጣ ደግሞ «ሳሙና ነው»። ጠበልም ሄድን፣ ዱዓም አስደረግን። የታየችበት ጤና ተቋም የቁርጥማት ማስታገሻና የቫይታሚን መርፌ እየሰጠ መለሳት። እንጀራ ያለ ውኃ አልወርድ ሲላት ነው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ የገባነው። እዚያ አንዲት ሐኪም ጣቶቿን አየችና የጡንቻ ኢንዛይም ምርመራ፣ ማለትም ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰውን ንጥረ ነገር የሚለካ የደም ምርመራ፣ አዘዘች። ደርማቶማዮሳይቲስ ነበር፤ ጡንቻንና ቆዳን አብሮ የሚያጠቃው ዓይነት።

ሐኪሟ ያወቀችው ስለፈለገችው ነው። የቀደሙት ያላወቁት ደግሞ እናንተ የጻፋችሁትን ዓይነት ነገር ሲሰሙ ስላደጉ ይመስለኛል። የለም የተባለን በሽታ ማን ይፈልጋል? የማይፈለግ አይገኝም፣ ያልተገኘ አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበውን ደግሞ እናንተ «የለም» ብላችሁ ታትማላችሁ!

አሁን ወደ ቁጥሩ። በአሜሪካ ሜምፊስና አካባቢዋ ከ1947 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. የታከሙ ሕሙማን ተቆጥረው በዓመት ከሚሊዮን ሰው 5 ያህል በእነዚህ የጡንቻ በሽታዎች እንደሚያዝ ታውቋል፤ በብዛት የታየውም በጥቁር ሴቶች ላይ ነው። የወሎ ሴትና የሜምፊስ ሴት አንድ ናቸው አልልም። ግን ከአፍሪካ በሄዱ ሰዎች ዘሮች ላይ ከነጮቹ በላይ የሚታይ በሽታ እንዴት ሆኖ ነው አፍሪካ ላይ የሚጠፋው? በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ አገሮችን ያካተተ ጥናት ደግሞ ፀሐይ በበረታበት ቦታ ከጡንቻ በሽታዎቹ መካከል ቆዳ የሚነካው ዓይነት ድርሻው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የእኛን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጋዜጠኛችሁ ከባዶ አልተነሣም፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይቲስ የሚባለው፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን የሚይዘው ዓይነት፣ በአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች፣ በተለይም በወንዶች ላይ ጎልቶ ይታያል። የዚያን ጠባይ ለሁሉም አሸክሟል፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ደርማቶማዮሳይቲስ ሌላ ነው፤ ሴቶችን ያበዛል፣ ሕፃናትንም ይይዛል።

ሥዕሉም ያው ነው። ከዘገባው ጋር ያወጣችሁት ፎቶ የፈረንጅ ፊት፣ ወይን ጠጅ የመሰለ ሽፍታ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ያ ቀለም እንዲያ አይደምቅም፤ ጠቆር ብሎ፣ ማድያት መስሎ ነው የሚታየው። ያንን ፎቶ ያየች የወሎ እናት ልጇ ላይ ያለውን እንዴት ትለየው?

በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ ስንት የሕሙማን ካርድ አብሮ እንደጠፋ አስቡት። ሕሙማኑ ግን አሉ። በጊዜ ከተደረሰበት ፕሬድኒሶሎንና ሜቶትሬክሴት በሚባሉ መድኃኒቶች ይታከማል፤ ከዘገየ ሳንባ ይነካል፣ መዋጥ ይከለክላል፤ በአዋቂዎች ላይም አንዳንዴ ከካንሰር ጋር ስለሚመጣ ያ አብሮ መመርመር አለበት። እህቴ ዛሬ ፀጉሯን ራሷ ትሠራለች፤ ደረጃ መውጣት ግን አሁንም ይከብዳታል፤ ያንን የወሰደባት የባከነው ጊዜ ነው።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ በጥቁር ቆዳ ላይ የተነሣ ፎቶ አክላችሁ። ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሣ ያለው፣ ጣቱ አንጓ ላይም የሻከረ ሰው ሐኪሙን «የጡንቻ ኢንዛይም ምርመራ እዘዝልኝ» እንዲል ጻፉለት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ