ድንጋዩን ተይው፣ ወረቀቱን አስተካክዪ፤ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የምትኖሪበት የእንግሊዝ አጥቢያ ሰዎች በመንደሩ የጦርነት መታሰቢያ ላይ የተጻፉት እነማን እንደነበሩ አጣርተሽ እንድትጽፊላቸው መጠየቃቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለኖቬምበሩ የጦር ሟቾች መታሰቢያ በዓል ጊዜ አለሽ፤ ግን ሥራው ከሚመስለው በላይ ጊዜ ይበላልና ቶሎ ጀምሪ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ያ ድንጋይ የመንግሥት መዝገብ አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በየመንደሩ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ከነዋሪው መዋጮ ተሰብስቦ፣ ቤት ለቤት እየተጠየቀ የተጻፈ ነው። ማን ይጻፍ፣ ማን ይቅር የሚል አገር አቀፍ ሕግ አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ሰው በተወለደበት፣ ሚስቱ በምትኖርበትና ወላጆቹ ኋላ በገቡበት መንደር፣ ሦስት ቦታ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ሌላው ደግሞ የትም የለም። ቤተሰቡ አገር ለቆ ይሆናል፣ እናቱ ሞቷል መባሉን አልቀበልም ብላ ይሆናል፣ ወይም በጋዝ የተጎዳ ሳንባው ሐውልቱ ከተመረቀ በኋላ ገድሎት ይሆናል። «ተሳስተዋል» ለማለት አትቸኩዪ። ድንጋዩ የሚለውን እንዳለ ጻፊ፣ መዝገቡ የሚለውን ከጎኑ ጻፊ፤ ካልተስማሙም አለመስማማታቸውን ጻፊ። የሚታረመው ያንቺ ወረቀት ነው።

መንደሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚሳሳለት ማወቅም ይጠቅምሻል። ብሪታንያ ከ1915 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) አስከሬን ወደ አገር ቤት እንዳይመለስ ከልክላ ነበር፤ የባለርስቱም ልጅ የገበሬውም ልጅ በወደቀበት ቀረ። ስለ ሁሉም ሆኖ ለንደን የተቀበረው ስሙ ያልታወቀ ወታደር እንኳ የገባው ኖቬምበር 11 ቀን 1920 ነው፣ እሱም አንድ ብቻ። መቃብር የሌላቸው ወላጆች አበባ የሚያኖሩት በመንደሩ ድንጋይ ሥር ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። አደባባይ ላይ ባለው መስቀል ብቻ አትወሰኚ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የነሐስ ወይም የእንጨት ሰሌዳ ይኖራል፤ የሜቶዲስቶቹ ጸሎት ቤት የራሱ ይኖረዋል፤ ትምህርት ቤቱም፣ የመንደሩ አዳራሽም እንዲሁ። ባለቀለሙን መስኮትና የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ መግቢያ በር እዪ። ከዚያ መቃብሮቹን አንድ በአንድ ዙሪ። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከላይ በስሱ የጎበጠ፣ የሬጅመንት (የጦር ክፍል) ዓርማ የተቀረጸበት ነጭ ድንጋይ ካየሽ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የሚጠብቀው ነው፤ እዚያ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አገር ውስጥ ሆስፒታል የሞተ ወይም በልምምድ ላይ የተገደለ ነው። የቤተሰብ መቃብሮችንም አትለፊ። በወላጆቹ ስም ሥር «ልጃቸው፣ ፈረንሳይ የተቀበረ» የሚል መስመር ሲገኝ አንዳንዴ ሌላ ቦታ የሌለ ዕድሜና ቀን ይዞ ይገኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «የክብር መዝገብ» የሚባለው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የዘመቱትን ሁሉ የሚዘረዝር ነው፤ በሕይወት የተመለሰውን ከሟች እንዳትቀላቅዪ። ከሞቱት ስም አጠገብ ብዙ ጊዜ ትንሽ መስቀል ይደረጋል።

ፎቶ የምታነሺው ፀሐይ ከጎን ስትመታ ነው፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ። ቀትር ላይ ፊደሉ ጥላ ስለማይጥል አይነበብም። ጨለም ሲል የእጅ ባትሪ ከድንጋዩ ጎን አስጠግተሽ ብትይዢም ይሠራል። ፊደሉን በጠመኔ አታጉዪው፤ በብረት ነገርም አትጫሪው። ፊደሎቹ ከእርሳስ ከሆኑ ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ቀራጩ መጀመሪያ የፊደሉን ቅርጽ ይቆፍራል፤ ውስጡ ትንንሽ ጉድጓዶች ይበሳል፤ ከዚያ እርሳሱን እየቀጠቀጠ ያስገባዋል። ፊደሉ ወድቆ ቢጠፋም ጉድጓዶቹ ይቀራሉ። በጉድጓዶቹ አቀማመጥ የትኛው ፊደል እንደነበረ ማወቅ ይቻላል።

ድንጋዩ ላይ 1914–1919 ብለው ቢጽፉ ስህተት አይምሰልሽ። ኖቬምበር 11 ቀን 1918 የቆመው ተኩሱ ነው፤ የቬርሳይ ውል የተፈረመው ጁን 28 ቀን 1919 ነው። ኮሚቴዎቹ ከሁለቱ የወደዱትን መረጡ።

ሰውየውን መለየት ዋናው ፈተና ነው። እኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ እነሱ ጋ ግን የቤተሰቡ ስም ትውልድ ሳይለውጠው ይተላለፋል። አንድ ገጠር ውስጥ አሥር የማይዛመዱ ስሚዞች ይኖራሉ፣ ሁለት ወንድማማቾችም አንድ ድንጋይ ላይ ይሰለፋሉ። «ደብሊው ስሚዝ» የሚል ገጠመሽ እንበል። የኮሚሽኑን ዳታቤዝ ብትከፍቺ እጅግ ብዙ ይወጡልሻል። ከመካከላቸው «የእነ እገሌ ልጅ፣ የዚህ መንደር» የሚል ማስታወሻ ያለውን ፈልጊ። ማስታወሻው የተጻፈው ከጦርነቱ በኋላ ለቤተሰብ በተላከ ቅጽ መልስ ነው። ብዙዎች መልስ አልሰጡም፤ ስለዚህ ማስታወሻ አለመኖሩ የእኛ ሰው አለመሆኑን አያረጋግጥም። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፦ ማስታወሻ ያለውን አንዱን ያነሳና ሌላውን ሳያይ ይዘጋል።

ቀጥለሽ በ1921 በ80 ጥራዝ የታተመውን የሟች ወታደሮች ዝርዝር እዪ። የትውልድ ቦታ፣ መኖሪያና የተመዘገበበትን ከተማ ይሰጥሻል። ያንን ይዘሽ ወደ 1911 የሕዝብ ቆጠራ ሂጂ፤ ቅጹን የሞላው አባወራው በራሱ እጅ ነው፤ ባለትዳር ሴት ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ተጠይቃበታለች። የ1921ዱ ቆጠራ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ ሞቶባቸው እንደሆነ ይጠይቃል። ሰውየው ሚስትና ልጆች ከነበሩት «አባት የሞተበት» የሚለውን እዚያ ታገኚዋለሽ፤ ለማንነቱ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

የግል ማኅደሩን ማግኘትሽን ግን አትተማመኚበት። በሴፕቴምበር 1940 ለንደን ላይ የወደቀ ቦምብ መጋዘኑን አቃጥሎት ከተራ ወታደሮች ማኅደር ከግማሽ በላይ ጠፍቷል፤ የተረፈውም ዳሩ የከሰለ፣ በውሃ የራሰ ነው። ምትኩ የሟች ወታደሮች ንብረት መዝገብ ነው። ለማን ስንት ፓውንድ እንደተከፈለ ይናገራል፤ የጦርነት ጉርሻው በአገልግሎት ዘመን ስለሚሰላ የተቀጠረበትን ወር ወደ ኋላ ቆጥሮ መገመት ይቻላል። የ1918 ከቤት የራቁ መራጮች ዝርዝርም አለ፤ የቤቱን አድራሻ፣ የወታደር ቁጥሩንና ክፍሉን አንድ መስመር ላይ ያስቀምጣል። ከዚህ ዝርዝር ጋር የተገጣጠመ ስም አያከራክርም፤ የሚያሳዝነው የ1918ቱ ዝርዝር ሲወጣ ብዙዎቹ ሞተው ነበር።

የቁጥር ነገር ከተነሳ፣ በ1917 መጀመሪያ የግዛት ጦር የሚባለው የትርፍ ጊዜ ወታደሮች ክፍል ወታደሮቹን ሁሉ እንደ አዲስ ቆጥሯል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያለው አንድ ሰው ሁለት ሰው አይደለም። ሬጅመንቱ የሌላ አውራጃ ቢሆንም አትደንግጪ፤ በጃንዋሪ 1916 የግዳጅ ምልመላ ሕግ ከወጣ በኋላ ወታደር በጎደለበት ይላክ ነበር። በቁልምጫ ስምም እንዳትሸወጂ፦ «ጃክ» ጆን ነው፣ «ሃሪ» ሄንሪ ሊሆን ይችላል፣ «በርት» አልበርትም ኸርበርትም ይሆናል። ዕድሜን ከቆጠራው እንጂ ከጦሩ ወረቀት አትውሰጂ፤ ልጆቹ ዋሽተው ይቀጠሩ ነበር።

የአሟሟት ቃላቱን በጥንቃቄ ተርጉሚ። መዝገቡ «በውጊያ ተገደለ»፣ «በቁስሉ ሞተ» እና እንዲያው «ሞተ» ብሎ ይለያል፤ ሦስተኛው በሽታ ወይም አደጋ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ኤታፕል የተቀበረ ሰው ሆስፒታል የሞተ ነው ብለሽ ብትገምቺ ብዙ አትሳሳቺም፤ የጦር ሆስፒታሎች የነበሩት እዚያ ነበር። ፈረንሳይ ባለው የቲየፕቫል ሐውልት ላይ ስሙ የተጻፈ ግን እዚያ ሞተ ማለት አይደለም። የታወቀ መቃብር የሌላቸው ከ72,000 የሚበልጡ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ግንባር የሞቱ ሰዎች ስም ነው የተቀረጸው። መርከበኞችም በቻተም፣ በፖርትስማውዝ ወይም በፕሊመዝ ሐውልት ላይ የሚጻፉት በተመደቡበት ወደብ ነው። መንደሩ «ሶም ላይ ወደቀ» እያለ ለመቶ ዓመት ሲያወራለት የኖረው ሰው በመቃብሩም በመዝገቡም የሞተበት ቀን የሶም ውጊያ የጀመረበት ጁላይ 1 ቀን 1916 ላይሆን ይችላል፤ ያ አንድ ቀን 19,240 የብሪታንያ ወታደር የሞተበት ስለሆነ የሁሉም ሰው ታሪክ ወደዚያ ይሳባል። ቀኑን ሰውየው ከነበረበት ሻለቃ ጦር የጦር ሜዳ ማስታወሻ ጋር አስተያዪ። ማስታወሻው የመኮንን ስም ይጠቅሳል፤ የተራ ወታደር ግን እምብዛም። ቢሆንም ሻለቃ ጦሩ ያን ቀን የት እንደነበር ይነግርሻል።

መቃብር ያለው ሰው ካገኘሽ የኮሚሽኑን ስካን ወረቀቶች እስከ መጨረሻው ገልብጪ። ቤተሰብ ከስሙ ሥር እስከ 66 ፊደል የራሱን ቃል እንዲያስቀርጽ ተፈቅዶለት ነበር፤ ለፊደል ሦስት ፔኒ ተኩል ይጠየቅበት ነበር። ለድሃ ቤት ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ አጭር ቃል ወይም ባዶ ቦታ ስታዪ ፍቅር ጎደለ ብለሽ እንዳትጽፊ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ስትደርሺ ስሙ ወደ እኛ አካባቢ ሊያመጣሽ ይችላል። የዉስተርሺር ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃና የዌስት ዮርክሺር 2ኛ ሻለቃ በ1941 ከሕንድ ጦር ጋር ሆነው ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል፤ ከተማዋ የተያዘችው ማርች 27 ቀን ነው። ሟቹ ከነዚህ ክፍሎች ሆኖ ቀኑ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች 1941 ከሆነ ከረን ያለውን የጦር መቃብር እዪ። አዲስ አበባም የኮሚሽኑ መቃብር አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ የመንደሩ ሰዎች ቦታውን በካርታ እንኳ አያውቁትምና አንቺ አብራሪላቸው። የዚህኛው ጦርነት ቤተሰቦች ግን በሕይወት አሉ። አድራሻና የግል ደብዳቤ ሳታስፈቅጂ አታትሚ።

ስለ ጽዳቱ ያነሳሽው ነገር አሳስቦኛል። ለበዓሉ እናንጻው ብሎ በግፊት ውሃ የሚያጥብ ሰው ካለ ለምነሽም ቢሆን አስቁሚው። የኖራ ድንጋይና አሸዋማ ድንጋይ ላይ ግፊቱ ጠንካራውን ቆዳ ገፎ ይወስደዋል፤ ከዚያ ፊደሉ በየክረምቱ ይሟሟል፤ የእርሳስ ፊደል ካለም ይነቅለዋል። በረኪና ጨው ያስገባል፣ ጨው ድንጋይን ከውስጥ ይፈረፍራል። የሽቦ ብሩሽ ዝገት ጥሎ ይሄዳል። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የድንጋይ ሽበቱም ፊደሉን እስካልሸፈነ ድረስ ይተው። ነሐሱን እንደ ጀበና ሳህን አያብረቅርቁት፤ አረንጓዴ-ቡናማው ሽፋን ራሱ መከላከያው ነው። ስንጥቅ በሲሚንቶ ደፍነውት ካየሽ ለኮሚቴው ንገሪ፦ ሲሚንቶ ከለስላሳው ድንጋይ ስለሚጠነክር ውሃው በመገጣጠሚያው መውጣት ትቶ በድንጋዩ ይወጣል፤ በረዶ ሲመታው ዳር ዳሩ ይቦረቦራል። መጠገን ያለበት በኖራ ነው። የአበባ ጉንጉኑም የሽቦ ማሰሪያ ስላለው ወራት ከከረመ የዝገት እንባ ይጥላል፤ የሚነሳበትን ቀን ከወዲሁ ቁረጡ።

ስም ይጨመር የሚል ሐሳብ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሐውልቱ የማን ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ የአጥቢያው ምክር ቤት ነው፤ በ1923 የወጣ ሕግ ምክር ቤቶች ለእድሳት ገንዘብ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነ ግን ከሀገረ ስብከቱ ዳኛ ፈቃድ ሳይመጣ መዶሻ አይነሳም፤ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነም ሌላ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ማመልከቻው ላይ የሞት ሰርተፊኬትና ሰውየውን ከመንደሩ ጋር የሚያገናኝ ሰነድ አያይዙ። በቁስሉ ወይም በበሽታው ከጦሩ ከተሰናበተ በኋላ የሞተ ከሆነ ኮሚሽኑ ራሱ እስከ ኦገስት 31 ቀን 1921 የሞቱትን ስለሚያካትት መጀመሪያ እዚያ አመልክቱ። እሱ ከተቀበለው መንደሩን ማሳመን ቀላል ነው።

ለጊዜው ድንጋዩን ከአራቱም ጎን አንሺና ላኪልኝ። በዋትሳፕ አይሁን፣ ፎቶውን ስለሚያኮማትረው ፊደሉ ይጠፋል፤ በኢሜይል ይሁን።

አባትሽ