አላወቁም ነበር?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁት ጽሑፍ ናዚ ጀርመን የፈጸመችውን የአይሁዶች እልቂት የተቀሩት መንግሥታት የሰሙት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ነው ይላል። ኧረ በጭራሽ! እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1942 ለንደን፣ ዋሽንግተንና ሞስኮ ግድያውን በጋራ መግለጫ አውግዘዋል። የእንግሊዝ ፓርላማ አባላትም ብድግ ብለው በዝምታ ቆመዋል። ከዚያስ? አራት ወር ቆይተው እንግሊዝና አሜሪካ ከናዚ ስለሚሸሹት ስደተኞች ሊመክሩ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ቤርሙዳ ደሴት ላይ ተሰበሰቡ። ስብሰባው የተከፈተው ኤፕሪል 19 ቀን 1943 ነው። በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ በግንብ ታጥረው የነበሩት አይሁዶች በናዚዎች ላይ መሣሪያ ያነሱትም በዚያው ዕለት! የቤርሙዳዎቹ ተሰብሳቢዎች 12 ቀን ተወያይተው እዚህ ግባ የሚባል ውሳኔ ሳይዙ ተበተኑ። ስዊድን ግን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በሯን ከፈተች። ከ7 ሺህ በላይ የዴንማርክ አይሁዶች በዓሣ አጥማጆች ጀልባ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ባሕሩን ተሻግረው ገቡ።

አንባቢያችሁ