ወደ ሐረና ለምትወርጂው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለመመረቂያ ጥናትሽ ወደ ሐረና ጫካ እንደምትሄጂ ከነገርሽኝ ወዲህ ልቤ ባሌ ላይ ነው። በወጣትነቴ ከሳነቴ አምባ ተነሥቼ ወደ ደቡብ ስወርድ፣ ሌሊቱን የሰፈረው ጉም በአስታው ቅርንጫፍ ላይ ከተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት እየተንጠባጠበ፣ ከሥር ያለው ጠባብ ጅረት በድንጋዮቹ መካከል እየተጣደፈ ሲወርድ አይቻለሁ። ከውኃው ዳር አንድ ድንጋይ ባነሣ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ቡናማ እንቁራሪት ዘላ ወደ ሣሩ ገባች። ምን ዓይነት እንደነበረች አላወቅሁም፤ ድንጋዩን ወደ ቦታው ሳልመልስ መሄዴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንቺ የምትፈልጊያትን እንቁራሪት ማልኮልም ላርጀን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሳይንስ ሲያስተዋውቃት ኤሪካባትራከስ ባሌኤንሲስ ብሎ ሰየማት፤ ኤሪካ የአስታ የሳይንስ ስሙ ነውና የባሌዋ የአስታ እንቁራሪት ማለት ነው። በወገኗ ብቸኛ ናት፤ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ቀድሞ በብዛት ትታይ በነበረበት ስፍራ ኋላ ላይ የፈለጓት ተመራማሪዎች ያገኟት በጣም ጥቂት ሆና ነው፤ ዛሬ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተመድባለች። አስታው ለማገዶ ሲቆረጥና ሲቃጠል ጥላው ይሄዳል፣ ከብቶችም የጅረቱን ዳር ሲረግጡት ውኃው ይደፈርሳል፤ በዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ግን በዚህ አትውቀሻቸው፣ ከጫካው በቀር ማገዶም ግጦሽም የላቸውም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እንቁራሪት በቆዳዋም ስለምትተነፍስ፣ ጨውና ውኃንም በቆዳዋ ስለምታመጣጥን፣ ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ ቆዳዋን ሲይዘው የሰውነቷ ጨው ተዛብቶ ልቧ እስከ መቆም ይደርሳል። ይህ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች መኖሩ ተረጋግጧል፤ ዘሩም በውኃ ውስጥ ስለሚዋኝ በእርጥብ ጫማ ላይ ተጣብቆ ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከአንድ ጅረት ወደ ሌላው ከመሻገርሽ በፊት የቦት ጫማሽን ጭቃ ፈግፍገሽ አስለቅቂው፣ ከውኃው ርቀሽም በበረኪና እጠቢውና በደንብ ይድረቅ። ለእያንዳንዷ እንቁራሪት አዲስ ጓንት አድርጊ። ያነሣሽውንም ድንጋይ፣ እርጥቡ ፊቱ ወደ ታች እንደነበረ፣ በዚያው ቦታው መልሺው።

የሚናፍቅሽ አባትሽ